ባትሪው ምን በደለ?

በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከጎንደር በሳንጃ አድርጎ ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪናው አልነሣ ያለው ሰው የሚደርስበትን ኪሳራ መገመት አያዳግትም። ሞተሩ በቅርቡ የተቀየረ ከሆነ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ በመጀመሪያ ባትሪ ቀይር፣ ካልሆነ ሞተሪኖ፣ ካልሆነ ዲናሞ። ሦስቱም ተለውጠው መኪናው ተገፍቶ ብቻ የሚነሣ ሲሆን «ሞተሩ አልተስማማውም» ይባላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ለዚህ ኪሳራ ከመካኒኩ ይልቅ ተጠያቂዎቹ እኛ ፊዚክስ የተማርነው ነን።

ሞተር የሚያርፈው በጎማ ማረፊያዎች ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ወደ ሞተሪኖው የሄደው ከረንት ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለሰው በወፍራም የግራውንድ ገመድ ነው። ሞተር ሲቀየር ይህ ገመድ ይረሳል፤ ወይም በቀለምና በዝገት ላይ ይታሰራል። ያን ጊዜ ከረንቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የነዳጅ መስጫው የብረት ገመድ ግሎ እስከ መጨስ የሚደርሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአንድ ፒክአፕ ሞተሪኖ 150 አምፔር ይስባል እንበል። በግራውንዱ ግንኙነት ላይ 0.02 ኦም ብቻ ቢኖር 3 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ 450 ዋትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከ12 ቮልት ሩቡን የተነጠቀ ሞተሪኖ ቢያቃስት ምን ይገርማል? ይህን 0.02 ኦም በተራ መልቲሜትር በቀጥታ መለካት አይቻልም፤ የመለኪያው ሽቦዎች ራሳቸው ከዚያ የበለጠ ሬዚስታንስ አላቸውና። የሚለካው ቮልቴጁ ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የመለኪያው አንዱ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላው በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ይደረግና ሌላ ሰው ቁልፉን ያዞራል። ንባቡ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ጥፋቱ ከግራውንዱ ነው። ሞተሪኖው ሳይዞር ቢለካ ግን ንባቡ ዜሮ ይሆናል፤ ከረንት በሌለበት የቮልቴጅ መውደቅ የለምና። ብዙ ጤነኛ ባትሪ የሚጣለው በዚህ ስሕተት ይመስለኛል።

ዲናሞውም እንዲሁ በከንቱ ይከሰሳል። በብዙ መኪኖች ላይ ዲናሞው የመነሻ ከረንቱን የሚያገኘው በዳሽቦርዱ የባትሪ ምልክት አምፖል በኩል ነው። ቀጭኗ ሽቦ ሳትገናኝ ከቀረች ዲናሞው ጤነኛ ሆኖም ባትሪውን ላይሞላ ይችላል። ቁልፉ ሲከፈት አምፖሏ ካልበራች ጥርጣሬው ወደዚያ ይሂድ። (ከጭነት መኪና የመጣ ሞተር የ24 ቮልት ሞተሪኖ ይዞ ሊመጣ እንደሚችልም አይዘንጋ።)

ጉዳዩ እየሰፋ የሚሄድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያሉን መኪኖች ሞተር እየተቀየረላቸው ረጅም ዕድሜ መኖራቸው አይቀርም።

ጌኦርግ ኦም ሕጉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው፤ እኛም በቃላችን እናውቀዋለን። ነገር ግን በክፍል የምንፈታቸው ጥያቄዎች 10 ኦም፣ 20 ኦም እያሉ ሲመጡ ማገናኛው ሽቦ ሬዚስታንስ እንደሌለው ይቆጠራል። በጋራዥ ጥፋቱ ያለው እንደሌለ በቆጠርነው ሽቦ ላይ ነው። ይህ ሙከራ በቤተ ሙከራችን ሊገባ ይገባዋል። የሚያስፈልገው አንድ ጤነኛ ባትሪ፣ ያገለገለ ሞተሪኖና ዝገት የበላው ገመድ ነው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ በየጋራዡ ደጃፍ ተጥለው ይገኛሉ።