ስለ መኪና ዲፈረንሻልና ስለሚስማማው ዘይት

በዚህ ዐምድ ስለ ቤት አያያዝ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ ያነሣነው ስለ ጓዳ፤ ስለ ልብስና ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ነው። ዛሬ ግን ከደጅ ስለሚቆመው መኪና ጥቂት ለመናገር አሰብን። መኪና ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ንብረት ነውና፤ ሚስትንና ልጆችንም ተሸክሞ የሚሄድ ነውና ጉዳዩ የቤተ ሰብ ሁሉ ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣን በራሳችን የደረሰ ነገር ነው። በአንድ ክረምት ከአሶሳ ተነሥተን ወደ ገነተ ማርያም ስንጓዝ መንገዱን የሚያቋርጥ ወንዝ ሞልቶ አገኘነው። ሹፌራችን «ጌታዬ፤ ውኃው እስኪጐድል ጥቂት እንቈይ» ቢለን፤ ቸኵለን ነበርና «ላንድክሩዘር የተሠራው ለዚህ አይደለምን?» ብለን እንዲሻገር አዘዝነው። በደኅና ተሻገርን። ከሁለት ወር በኋላ ግን ከኋላ በኩል እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ይሰማ ጀመር። እኛም ሳንመረምር «በቸልታህ አበላሸኸው» ብለን ሹፌሩን ወቀስነው፤ የጥገናውንም ዋጋ ከደመወዙ ልንይዝበት አሰብን። መካኒኩ የዲፈረንሻሉን የታች ቡሎን ሲፈታ የወረደው ዘይት ወተት እንደ ገባበት ቡና ሆኖ ታየ። ውኃ ገብቶበት ኖሯል፤ ያስገባውም የሹፌሩ ቸልታ ሳይሆን የእኛ ትእዛዝ ነበር።

ነገርን ከሥሩ፤ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፤ ዲፈረንሻል ምን እንደ ሆነ አስቀድመን እንናገር። በአውድማ ላይ በሬዎች ጐን ለጐን ሆነው እህል ሲያበራዩ በዳር ያለው በሬ በመካከል ካለው ይልቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል። መኪናም ሲታጠፍ እንዲሁ በውጭ በኩል ያለው ጐማ ከውስጠኛው አብልጦ ይዞራል። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ታስረው እኩል ቢዞሩ ኖሮ ጐማው በመሬት እየተፋቀ ያልቅ ነበር። ይህን ችግር የሚያስቀረው የጥርስ መሣሪያ ዲፈረንሻል ነው። ፔክር የተባለ ፈረንሳዊ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል።

የሞተሩ ኀይል ከካምቢዮ ወደ ማከፋፈያው ሣጥን፤ ከዚያም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ይሄዳል። በብዙዎቹ 70 ቍጥር ላንድክሩዘሮች የፊት ጐማዎች የሚሠሩት ሹፌሩ ሲያስገባቸው ብቻ ነው። በፈረንጅ ቍጥር በ1990 በወጣው በ80 ቍጥርና ከእርሱ በኋላ በመጡት በብዙዎቹ ግን አራቱም ጐማዎች ዘወትር ኀይል ስለሚያገኙ በማከፋፈያው ሣጥን ውስጥ ሦስተኛ ዲፈረንሻል ተጨምሯል።

እንግዲህ እነዚህ ሣጥኖች ሁሉ ዘይት ይጠጣሉ፤ ነገር ግን የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል። የዲፈረንሻል ጥርሶች በብርቱ ጫና እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ ስለሚሠሩ ተራ ዘይት ከመካከላቸው ተጨምቆ ይወጣል፤ ብረትም ብረትን ይበላል። ስለዚህ ለእነርሱ የሚሆነው ዘይት የድኝና የፎስፎር ቅመም ይገባበታል፤ ክፉ ሽታውም ከዚሁ የመጣ ነው። በዕቃው ላይ ጂ.ኤል. 5 ተብሎ የተጻፈው ይህ ነው። በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የነሐስ ቀለበቶች አሉ፤ ብዙ ድኝ ያለበት ዘይት በሙቀት ጊዜ ነሐስን ሊበላ ይችላልና፤ ለብዙዎቹ ቅመሙ ያነሰው ጂ.ኤል. 4 ይታዘዝላቸዋል።

ስለ ውፍረቱም እንዲህ ነው። 80 ደብልዩ 90 ተብሎ ቢጻፍ የፊተኛው ቍጥር በብርድ ጊዜ፤ የኋለኛው በሙቀት ጊዜ ያለውን ጠባይ ያመለክታል። ውርጭ በማያውቀው በአሶሳና በኩርሙክ ቈላ አብልጦ የሚታየው የኋለኛው ቍጥር ነው። ሆኖም «ወፍራም ይሻላል» ብሎ በግምት መጨመር አይገባም። ለ80 ቍጥር ላንድክሩዘር ዲፈረንሻል የሚታዘዘው ዘይት ውፍረቱ 90 ሲሆን፤ በፈረንጅ ቍጥር በ2007 ለወጣው ለ200 ቍጥር ግን ቀጠን ያለው 75 ደብልዩ 85 ነው። የመኪናው ስም አንድ ሲሆን ዘይቱ ሁለት ነው። ደግሞ አንዱ ጐማ በጭቃ ብቻውን እንዳይዞር የሚከለክል ልዩ ዲፈረንሻል ያለው መኪና ለዚሁ የተለየውን ዘይት ይሻል።

ውኃስ በምን ይገባል? ዲፈረንሻል በጕዞ ግሎ ሳለ በድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኰማተራል። መተንፈሻው በጭቃ የተደፈነ ወይም ከውኃ በታች የዋለ እንደ ሆነ፤ በመተንፈሻው ወይም ባረጀው ላስቲክ በኩል ውኃን ይስባል። ስለዚህ ከወንዝ ዳር ሲደርሱ ጥቂት ቈይቶ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል፤ ጥልቅ ውኃ ከተሻገሩም በኋላ የመጽሐፉን ኪሎ ሜትር ሳይጠብቁ ዘይቱን ማስመርመር ይገባል። ዘይቱ ሲለወጥ አስቀድሞ የሚፈታው የላይኛው የመሙያ ቡሎን ነው፤ የታችኛው ተፈቶ ዘይቱ ካለቀ በኋላ የላይኛው እንቢ ቢል መኪናው በቆመበት ይቀራልና። የብረት ዱቄት በቡሎኑ ማግኔት ላይ ጥቂት ቢገኝ የተለመደ ነው፤ የጥርስ ስባሪ ቢገኝ ግን መንገድ አያስጀምርም።

በመጨረሻ የምንመክረው፤ በእያንዳንዱ ቤት ለመኪናው አንድ ደብተር ይኑር፤ በየትኛው ሣጥን ምን ዘይት፤ በስንት ኪሎ ሜትር እንደ ገባ፤ የትኛውም ወንዝ በማን ትእዛዝ እንደ ተሻገረ ይጻፍበት። በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። እኛ እንዲህ ያለ ደብተር ኖሮን ቢሆን ንጹሑን ሰው ባልወቀስነው ነበር። ሹፌራችንን በቤተ ሰባችን ፊት ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ ደመወዙም አልተነካም። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ የተጻፈውም የዚያ ወንዝ ነገር ነው፤ «በባለቤቱ ትእዛዝ» ብለን በእጃችን ጽፈነዋል።