እንቁላል ሽጦ ብስኩት

የቅበላ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ቆሜ ነበር። በዚያ ቀን እንቁላል ይወደዳል፤ ሰኞ ዐቢይ ጾም ስለሚገባ ሁሉም ሊሰናበተው ይፈልጋል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ እንቁላል በገለባ ደርድራ በቅርጫት ይዛ መጣች። ብዙ ሳትከራከር ሸጠችው። በገንዘቡ ጨው ገዛች፣ ሳሙና ገዛች፣ በተረፈው አንድ እሽግ ብስኩት ገዝታ ወደ ጀርባዋ አቀበለች። ልጅቱ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው።

ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንልኝም። «እቴ፣ ከብስኩቱ እንቁላሉ አይሻላትም ነበር?» አልኋት።

«ወንድምዬ፣ እንቁላሉማ የቤት ነው። ገበያ ውዬ ባዶ እጄን ልግባባት?»

መልስ አጣሁ። በጨውና በሳሙናው ጠብ የለኝም። ጠቤ ብስኩት ሆና ከተመለሰችው ከአንዷ እንቁላል ጋር ነው።

«የቤት ነው» የሚለው ቃል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይከነክነኛል። ለልጅ የሚሰጥ ነገር ከሱቅ ካልመጣ፣ ላስቲክ ካልለበሰ፣ እንደ ስጦታ አይቆጠርም። እኛ ዘንድ ደግሞ ትምህርቱ ቀደም ብሎ ነው የተጀመረው፤ ጎብኚ ከረሜላ ሲያድለን ያደግን ነን። ጣፋጭ ማለት ከሩቅ የሚመጣ ነገር ነው ብለን ተማርን፣ ማሩ በጓሯችን ቀፎ ውስጥ እያለ።

ትንሽ ልጅ መክሰስ የሚያስፈልገው ስለቀበጠ አይደለም፤ ሆዱ ስለማይችልለት ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 300 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ የአንድ ለስላሳ ጠርሙስ ልክ ነው። ስለዚህ ዓመት ከሞላው በኋላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይበላል፣ በመሃሉም አንድ ሁለት ጊዜ መክሰስ ይፈልጋል። ያቺን ጠባብ ቦታ በስኳርና በፉርኖ ዱቄት ከሞላናት ሌላው የት ይገባል? በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ የአገሪቱ 38 በመቶ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መንግሥት መቀንጨርን በ2022 ዓ.ም. አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ፣ ቃል ኪዳኑን የሰየመው በጎረቤታችን በሰቆጣ ስም ነው።

የእህቴ ልጅ አፀደ ሕፃናት የገባ ሰሞን በምሳ ዕቃው የገብስ ቆሎ ይዞ ሄደ። መምህሯ «ቆሎ አታስይዙት፣ እንደ ልጆቹ ብስኩት ይያዝ» ብላ መለሰችው። እህቴ ተናደደች፤ እኔም አብሬ ተናደድሁ። ኋላ ሳስበው መምህሯ በተሳሳተ ምክንያት ትክክል ነበረች። እሷ ቆሎውን ንቃው ነው፤ ነገር ግን አራት አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ደረቅ ቆሎም ሆነ ለውዝ ጉሮሮ ሊያንቅ ይችላል። መፍትሔው ደግሞ ከብስኩቱ ይልቅ ለቆሎው ይቀርብ ነበር። ያው ገብስ ታምሶ ሲፈጭ በሶ ይሆናል።

በሶ የመንገደኛና የዘማች ስንቅ ነበር። ገብሱ አስቀድሞ ስለታመሰ ዳግመኛ እሳት አይፈልግም፤ ማገዶ እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ደጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እህቴ በሶው ላይ የተቆላና የተፈጨ ተልባ ጨመር ታደርጋለች። ተልባ ቅባት አለው፤ ቅባት ደግሞ በትንሽ ሆድ ብዙ ጉልበት ያስገባል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ በፍስክ ቀን በቅቤ፣ ታሽና ድብልብል ታደርገዋለች። ለትልቁ ልጅ ማር ጠብ ይደረግበታል። ዓመት ላልሞላው ግን የላስታ ማርም ቢሆን አይሰጥም፤ ማር ውስጥ ለጨቅላ አንጀት አደገኛ የሆነ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። የጸሎተ ሐሙሱ ጉልባንም ለልጅ ደፍጠጥ ቢደረግ ግሩም መክሰስ ነው፤ ስንዴው የጎደለውን ባቄላው ይሞላለታል። በዓመት አንድ ቀን ብቻ ለምን እንደምንቀቅለው አይገባኝም።

ወደ እንቁላሉ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ልጆች እንቁላልን ጨምሮ የእንስሳት ምግብ በየቀኑ እንዲሰጥ ይመክራል። መመሪያው ላሊበላ ሲደርስ ዐቢይ ጾም ይገጥመዋል፤ 55 ቀን። ዶሮዋ ግን አትጾምም። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው፤ ከዚያው ላይ በጾም የጣለችው ገዢ ያጣል፣ ዋጋውም ይወርዳል። እንግዲህ እንቁላል ከገበያ ይልቅ ለልጅ የሚቀርበው በጾም ነው ማለት ነው። እኛ ልክ በዚያን ጊዜ ልጁን አብረን እናስጾመዋለን።

ቤተ ክርስቲያን 7 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አትለውም። ይህን የላሊበላ እናት ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። የሚቸግራት ሕጉ ሳይሆን ዕቃው ነው። «ድስቱ ይነካብኛል» ትላለች። እንቁላል የነካው ድስት ለጾም ሽሮ አይመለስም፤ ሌላ ድስት ደግሞ የላትም። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ሥዕሎች ስለ ፕሮቲን ያወራሉ እንጂ ስለ ድስት ሲያወሩ አላየሁም።

እህቴ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አላት። ሁለት ጣት ውሃ ታደርግበትና እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ትቀቅላለች። ለብቻው ይታጠባል፤ ጓዳ አይገባም፣ በሩ መቃን ላይ ከተመታ ሚስማር ይንጠለጠላል። አምና በጾሙ እኩሌታ የንስሐ አባቷ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የልጁ ነው፣ አባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና መርጨታቸውን ቀጠሉ። መቃኑ ጋ ሲደርሱ ጣሳውንም ረጩት።