ፋጉሎው ወዴት ነው የሚሄደው?

ስለ ዕፅዋት ፕሮቲን ሲወራ የከብት ነጋዴው ወይ ይስቃል ወይ ፊቱ ይጨፈግጋል። የሚስቀው «የአኩሪ አተር ሥጋ ማን ይበላል?» ይላል። የሚጨፈግገው ደግሞ ገዢው አንድ ቀን በግና ሰንጋውን ትቶ ወደ ፋብሪካ ሥጋ እንዳይዞር ይሰጋል። ከመተማ ተነሥቶ በገላባትና በገዳሪፍ በኩል ሾዋክ ለሚደርሰው ንግድ ሁለቱም ነገሩን ከተሳሳተ ጫፍ ይዘውታል። ለዐረፋ በግ የሚፈልግ የጅዳ ሰው አኩሪ አተር አያርድም። ፉክክሩ ያለው ዘይት መጭመቂያው ዘንድ ነው፤ ሰሊጡ ከተጨመቀ በኋላ በሚቀረው ፋጉሎ፣ ሱዳኖቹ አምባዝ በሚሉት ላይ።

ሰሊጥ በግምት ግማሹ ዘይት ነው። ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ፋጉሎ ከመቶ 40 ገደማ ፕሮቲን ይይዛል። ከማሽላ አገዳም ሆነ ከደረቅ ሣር ይህን ማግኘት አይቻልም። ገዳሪፍ የሱዳን የሰሊጥና የማሽላ እምብርት ነው፤ በኢትዮጵያ በኩልም ሁመራና መተማ በሰሊጥ የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ለውጭ ገበያ የሚቀርበው በአመዛኙ ጥሬው ሰሊጥ ነው፣ ትልቋ ገዢም ቻይና ናት። አንድ ኩንታል ጥሬ ሰሊጥ በወደብ ሲወጣ ግማሽ ኩንታል ያህል ፋጉሎ አብሮት ይወጣል ማለት ነው። በየካቲትና በመጋቢት መኖ ጠፋ ብሎ የሚጮኸው ነጋዴ በኅዳር ያንን ጭነት ቆሞ ሸኝቶታል።

በሩቅ አገር ያሉት ትልልቅ ሥጋ ሻጮች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። የአሜሪካው ካርጊል ከብትም መኖም የሚነግድ ኩባንያ ነው፤ እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 የአተር ፕሮቲን በሚያመርተው ፒዩሪስ ላይ 100 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰ። በሥጋ ምርት ከዓለም ቀዳሚ የሆነው የብራዚሉ ጄቢኤስ ደግሞ በ2021 የኔዘርላንዱን ቪቬራን ገዛ። ሥጋ ስለጠሉ አይደለም፤ ፕሮቲኑን የሚለየው ማን እንደሆነ፣ ተረፉም ለማን እንደሚደርስ መወሰን ስለፈለጉ ይመስላል። በእርግጥ ሁሉም አልቀናቸውም። ቢዮንድ ሚት በ2019 አክሲዮኑን በ25 ዶላር ለገበያ አቅርቦ በመጀመሪያው ቀን ከ65 ዶላር በላይ ቢደርስም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ10 ዶላር በታች ወርዷል። ሥጋ አስመስሎ መሥራት ውድ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ተፈላጊ ሆኖ ቀጥሏል።

ለዚህ አካባቢ ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ ቤት ሲዘጋ ሽሮና ክክ ቦታውን ይይዛሉ። ሱዳን ፉል ሳይበላ አያነጋም። በሱዳን ሲግዳ የሚባለው ምግብ የሚሠራው ከዚያው ከሰሊጥ ፋጉሎ ነው፤ ይቦካል፣ በወጥ ውስጥ የሥጋን ቦታ ይተካል። ስለዚህ ሰውና በሬ በአንድ ፋጉሎ ሲሻሙ የመጀመሪያቸው አይሆንም። አብሮ መሥራትም ምሳሌ አለው፦ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው ፋፋ ስንዴን፣ አኩሪ አተርንና ሽምብራን ከወተት ዱቄት ጋር አዋሕዷል። እህልና ከብት በአንድ ከረጢት ማለት ነው።

እንግዲህ የሾዋክ ነጋዴ ምን ያድርግ? የቀን መቁጠሪያውን ይመልከት። ዐረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በ2026 በግንቦት ሁለተኛ አጋማሽ፣ በ2027 በግንቦት መጀመሪያ፣ በ2028 ደግሞ በሚያዝያ መጨረሻ ይውላል። ከዚያ በፊት ያሉት ሦስት ወራት፣ የማድለቢያዎቹ ማለት ነው፣ ሣር የሌለባቸው ናቸው። ለሚቀጥሉት ዓመታት የዐረፋ በግ የሚደልበው በተከማቸ መኖ ብቻ ነው። መንገድ ያከሳውን ከብት ገዳሪፍ ወይም ሾዋክ ላይ እንደደረሰ የሚሸጥ ሰው ትርፉን ፋጉሎ በመጋዘን ላለው ሰው አስረከበ ማለት ነው።

ዘይት ጨማቂው በበኩሉ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰሊጡ በሚታጨድበት ወቅት፣ እጁ ላይ ገንዘብ ያጥረዋል፤ ላኪው ቀድሞት ይገዛል። የከብት ነጋዴዎች ተሰብስበው በዚያ ወር ቅድሚያ ቢከፍሉትና በየካቲት ፋጉሎ ቢረከቡ ሁለቱም ይጠቀማሉ። የካርቱም ሰሜን የኢንዱስትሪ ሰፈር ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ከወደመ ወዲህ መጭመቂያን ሰሊጡ ወደሚበቅልበት ማምጣት ምኞት ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ለሰው የሚሆን ፕሮቲን የሚያዘጋጅ ሰው ቢመጣም በሩን መዝጋት አይገባም። እሱ የሚፈልገው የተፈለፈለና ንጹሕ ሰሊጥ ነው፤ ገለባውና ዝቅ ያለው ፋጉሎ ለከብት ይተርፋል። ገለባው ኦክሳሌት ስለሚበዛበት ከሌላ መኖ ጋር በልክ ካልተደባለቀ ይጎዳል። በእርጥበት የሻገተ ፋጉሎ፣ በተለይ የለውዝ፣ አፍላቶክሲን ይይዛል፤ ከብቱንም ያከሳል፣ ወደ ወተትም ያልፋል። የምግብ አምራቹ ይህን ሳያስመረምር አይገዛም። የከብት ነጋዴው ብቻውን ሊያቆመው የማይችለው መመርመሪያ በእሱ ገንዘብ ሊቆም ይችላል።

ድንበሩ ሲዘጋ ውሉ እንዳይፈርስ ፋጉሎው ከብቱ ባለበት በኩል መከማቸት አለበት። መተማ ለሚያደልብ መተማ፣ ሾዋክ ለሚያደልብ ገዳሪፍ። ውሉም በኩንታል ብቻ አይጻፍ፤ እርጥበቱና የሚረከብበት ሳምንት አብረው ይግቡበት፣ የሻገተው በማን ኪሳራ እንደሚመለስም ከወዲሁ ይወሰን።