የፒክ አፕ ጌታና የናፍጣው ሒሳብ

ሰው አውቶሞቢል ሲገዛ ከዘመድ ከወዳጁ የሚቀርብለት የመጀመሪያው ጥያቄ «በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄድልሃል?» የሚል ነው። ፒክ አፕ ሲገዛ ግን ይህን የሚጠይቀው እምብዛም የለም። የሚጠየቀው «ስንት ኩንታል ይጭናል? ጭቃ ይወጣል ወይ? መለዋወጫውስ እንደ ልብ ይገኛል?» ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የፒክ አፕ ጌታ ለነዳጅ ግድ የለውም ብሎ ይደመድማል። አባባሉ እውነት መሆን አለመሆኑን በዚህ ሳምንት እንመርምር። ለመመርመሪያውም ከአዲስ አበባ አስፋልት ይልቅ ከጎጃም ደጋ፥ ከደባይ ጥላትግን ወረዳ ከተማ ከቁይ ብንነሣ ይሻላል፤ በትልቁ ከተማ ፒክ አፕ ብዙ ጊዜ የሚነዳው ለክብር ነው፥ በቁይ በኩል ግን ሥራ አለበት።

የጎጃም ሰው ከመኪና በፊት በቅሎን ያውቃል። በቅሎ ደግሞ የምትመሰገነው በምትበላው ገብስ ማነስ አልነበረም። ቁልቁለት ስትወርድ እግርዋ የማይስት፥ ወንዝ ስትሻገር የማትደነብር፥ ጭነት የማትጥል ሆና ከተገኘች ገብሱ አይቆጠርባትም ነበር። ይሁን እንጂ ገብሱን የሚሰፍረው ጌታው ራሱ ሲሆን አንድ ነገር ነው፤ አሽከሩ ሲሆን ሌላ ነው። በቅሎዋ እየከሳች አሽከሩ የሚወፍርበት ቤት በየሀገሩ ነበር። ፒክ አፕም እንደዚሁ ሁለት ዐይነት ጌታ አለው፤ አንደኛው ናፍጣውን ከኪሱ የሚገዛ፥ ሁለተኛው ናፍጣውን በፊርማ የሚያስቀዳ።

አስቀድመን ከኪሱ የሚገዛውን እንይ። አንድ ፒክ አፕ በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በሊትር 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 2,500 ሊትር ይፈጃል፤ 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 2,000 ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ 500 ሊትር ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሣት ሲጀምር የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ በአዲስ አበባ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ስለዚህ ያ 500 ሊትር በመጀመሪያው ዋጋ 24,510 ብር፥ በሁለተኛው ዋጋ 49,490 ብር መሆኑ ነው። ይህ ለአንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ነው።

ታዲያ የፒክ አፑ ጌታ ይህን ገንዘብ አያየውም? ያየዋል። ነገር ግን መኪናው ራሱ በሚሊዮን ብር የሚቆጠር ንብረት ስለ ሆነ፥ በዓመት አምሳ ሺሕ ብር የሚያተርፍለትን መኪና ፍለጋ መለዋወጫው የማይገኝለትን ቢገዛ፥ አንዲት ዕቃ አዲስ አበባ ታዝዛ እስክትመጣ ሁለት ሳምንት ቆሞ የሚቀርበት ኪሳራ ትርፉን እንደሚበላው ያውቃል። ሲሸጠውም ገዥ የሚያጣለት መኪና አይፈልግም። ናፍጣን ንቆ ሳይሆን ከናፍጣ የከበደ ፍራት ስላለው ነው።

በፈረንጅ አገርም ቢሆን ግድ የለሽነቱ እንደሚወራው አይደለም። አሜሪካ በ1968 ዓ.ም. የመኪኖችን የነዳጅ ፍጆታ የሚወስን ሕግ ስታወጣ፥ ለፒክ አፕና ለመሰሎቹ ከአውቶሞቢሉ የላላ ደረጃ ተሰጣቸው። ፒክ አፕም ከዓመት ዓመት እየበዛ፥ ከገበያ ዘንቢል በቀር ጭነት የማያውቅ ሰው ሳይቀር የሚነዳው ሆነ። የፎርዱ ኤፍ ፒክ አፕ ለብዙ ዓመታት በሽያጭ አንደኛ ነበር። ነገር ግን በግንቦት 2000 ዓ.ም. ገደማ የቤንዚን ዋጋ ጣራ በነካበት ወር ሆንዳ ሲቪክ የተባለችው ትንሽ አውቶሞቢል በልጣው ተገኘች። ግድ የለኝም ይል የነበረው ሰው ግድ የሚኖረው ዋጋው ሲያቃጥለው ነው።

ወደ ደጋው እንመለስ። በጎጃም ደጋ የነዳጁ ነገር የራሱ ጠባይ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከጅቡቲ ወደብ አየር ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ናፍጣ በደንብ የሚነደው በቂ አየር ሲያገኝ ነው። ቶዮታ ለሃይሉክስ ከሠራቸው ሞተሮች አንዱ፥ ሾፌሮች 5ኤል የሚሉት ባለ 2,986 ሲሲው፥ አየር የሚገፋለት ቱርቦ የለውም። ፖምፓው ለቆላ እንደ ተስተካከለ ደጋ ከወጣ፥ አየሩ ጎድሎ ሳለ ናፍጣው ሳይጎድል ይረጫል። ዳገት ላይ ከኋላ የሚወጣው ያ ጥቁር ጭስ በቅጡ ያልነደደ ናፍጣ ነው። አንዳንድ ሾፌር ጭሱን እያየ «ጉልበቱን ተመልከት» ይላል፤ የሚመለከተው ግን ጌታው የከፈለው ብር በሰማይ ላይ ሲበተን ነው። ፖምፓውን በልክ የሚያስተካክል፥ አቧራ የጠጣውን የአየር ፊልትሮ በጊዜው የሚለውጥ መካኒክ ከአዲስ መኪና የማያንስ ቁጠባ ያመጣል።

«እንግዲያውስ ቱርቦ ያለውን፥ ዲ-ፎር-ዲ የሚባለውን ይግዛ» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፥ በዳገት የተሻለ ይሄዳል፥ ናፍጣም ይቆጥባል። ዳሩ ግን ይህ አዲስ ሞተር ናፍጣውን በብርቱ ግፊት የሚረጭ ስለ ሆነ ውሃና ጉድፍ የገባበትን ነዳጅ አይታገሥም። ማደያ ሲደርቅ፥ በተለይም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተስፋፋው ግጭት የተነሣ መንገድ ሲዘጋ፥ ናፍጣ የሚገኘው ከየጓሮው በጀሪካን ነው። ዋጋውም ከማደያው ዋጋ ጋር አይገናኝም፤ ጀሪካኑ ትናንት ዘይት ይሁን ውሃ የያዘው ሻጩ ብቻ ያውቃል። በእንዲህ ያለ ነዳጅ የተበላሸ ኖዝል ለማስለወጥ የሚወጣው ገንዘብ የዓመቱን ቁጠባ ጠራርጎ ይወስዳል። የወረዳ ሰው አሮጌውን 5ኤል ሙጥኝ የሚለው አዲሱን ጠልቶ አይደለም፤ በእርሱ ቦታ ሆኜ በጀሪካን የምቀዳ ብሆን እኔም እንደዚሁ ሳላደርግ አልቀርም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ሥር እንግባ፤ «በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር» የሚለው መለኪያ ራሱ ያታልላልና። በ2000 ዓ.ም. ሪቻርድ ላሪክና ጃክ ሶል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መምህራን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ይህን ማታለል ገልጸው ጽፈዋል። እኛ በራሳችን ቁጥር እናስላው። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን መኪና አሻሽለን 12 ብናደርሰው፥ በ100 ኪሎ ሜትር መንገድ 1.7 ሊትር ያህል እናተርፋለን። በሊትር 5 የሚሄደውን 6 ብናደርሰው ግን የምናተርፈው 3.3 ሊትር ያህል ነው። ሁለት መኪና ያለው መሥሪያ ቤት ደኅናውን ከማሽሞንሞን ይልቅ ሆዳሙን ወደ ጋራዥ ቢልክ ይሻለዋል ማለት ነው። በተግባር የሚደረገው ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ደኅናው የኀላፊው ስለ ሆነ በየጊዜው ይታያል፥ ሆዳሙ ለመስክ ሠራተኛው ይተዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ማታለል አለ። አርባ ኪሎ ሜትር መንገድ እንውሰድ። አንድ አይሱዙ 40 ኩንታል ጤፍ ጭኖ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 8 ሊትር ያቃጥላል፤ ለአንድ ኩንታል የደረሰው ሁለት ዐሥረኛ ሊትር ነው። ፒክ አፕ 10 ኩንታል ጭኖ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 5 ሊትር ያቃጥላል፤ ለኩንታሉ ግማሽ ሊትር ደረሰው። ያው ፒክ አፕ አንድ ባለሥልጣንና አንድ የወረቀት አቃፊ ይዞ ቢሄድ፥ ስለ ቀለለው በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ 4 ሊትር ብቻ ይፈጃል። በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ዐይን ከሦስቱ የሚመሰገነው ይህ የመጨረሻው ነው፤ አራት ሊትር ናፍጣ አቃጥሎ አንድ አቃፊ ያደረሰው!

የቁይ ነጋዴ ይህን ሒሳብ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ጤፉን በአይሱዙ ያስጭናል። ፒክ አፕን የሚፈልገው አይሱዙ ሊገባበት ለማይችለው የዋልካ መንገድ፥ ለጥቂት ኩንታል፥ ሌሊት ምጥ ለያዛት ሴት ነው። ፎር ዊል አስገብቶ ጭቃውን ሲቀዝፍ የሚያወጣውን ናፍጣ ማን ይቆጥርበታል? ያን ጊዜ የሚጠየቀው ደረሰ ወይስ አልደረሰም ነው።

ስለ ቁጠባ ካነሣን አንድ ክፉ ቁጠባ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከቁይ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በደጀን በኩል የዓባይን በረሃ መሻገሩ አይቀርም። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መውረጃና መውጫ ወደ አርባ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አንዳንድ ሾፌር ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥቶ በባዶ ይለቀዋል፤ ናፍጣ መቆጠቡ ነው። ነገሩ ግን ግልብጥ ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሣ፥ ሞተሩን የሚያዞረው የመኪናው ክብደት ስለ ሆነ ፖምፓው ናፍጣ መርጨቱን ያቆማል። ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ፖምፓው ትንሽ ትንሽ መስጠት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በባዶ የሚወርደው ሰው ጥቂትም ቢሆን ጨምሮ ያቃጥላል፤ መኪናው የሚያዘው በፍሬን ብቻ ስለሚሆን ፍሬኑ ሲግል መያዝ ይሳነዋል። ገደሉም ይጠብቀዋል። ተሳፋሪ ሆናችሁ ይህን ያያችሁ እንደ ሆነ ሾፌሩን በትሕትና መናገር አያሳፍርም።

ናፍጣውን በፊርማ ወደሚያስቀዳው ጌታ እንምጣ፤ የዚህ ዐምድ አንባቢ ብዙውን ጊዜ የሚሳፈረው በእርሱ ደብል ጋቢና ነውና። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ገደማ በእስራኤልና በዐረቦች መካከል በተደረገው ጦርነት ምክንያት የዓለም የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ፥ መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በመቶ አምሳ ያህል ከፍ አደረገ። በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ ከመምህራኑ አድማ ጋር ተደምሮ ከተማው ተናወጠ፥ ንጉሠ ነገሥቱም ዋጋው እንዲቀነስ አደረጉ። ከዚያ የተከተለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነገሩን ያነሣሁት ለአንድ ነጥብ ነው፤ የተነሡት ቤንዚኑን ከዕለት ገቢያቸው የሚገዙት ነበሩ። በፊርማ የሚቀዳለት ሰው የሊትሩን ዋጋ ሳያውቅ ዓመቱን ይጨርሳል።

የወረዳ መሥሪያ ቤት ፒክ አፕ ናፍጣው የሚጎድለው በሞተሩ ብቻ አይደለም። ስብሰባ እስኪያልቅ ሞተሩ ሳይጠፋ ይቆማል፤ የቆመ የናፍጣ ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣል። በጥር ሠርግ ያጅባል። አንዳንዴም ሌሊት በጎማ ቱቦ ይመጠጣል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚታየው ወዲያው ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው በጮኸ ነበር፤ የሚታየው ግን በሰኔ ነው።

ስለ ምን በሰኔ? የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። የገበሬው የክረምት እርሻ የሚጀመረው፥ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚታደለው ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። መንገዱም የሚበላሸው ያን ጊዜ ነው፤ ከበጋው ይልቅ ለአንድ ኪሎ ሜትር ብዙ ናፍጣ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። እንግዲህ መኪናው በብርቱ ሲፈለግ የናፍጣው በጀት አልቋል። የእርሻ ባለሙያው ጫማውን አጥልቆ በር ላይ ይቆማል፥ ሾፌሩ «ነዳጅ የለም» ይለዋል፥ ፒክ አፑ ታጥቦ በግቢው ዛፍ ሥር ይውላል። ዘሩ የዘገየበት ገበሬ በጥር ስለ ታጀበው ሠርግ የሚያውቀው የለውም።

በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሞላው የመኪና ቅጽ ቀኑን፥ የተነሣበትንና የደረሰበትን ቦታ፥ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር፥ የተቀዳውን ሊትር፥ በመጨረሻም ፊርማ ይጠይቃል። መኪናው ምን ወይም ማንን ጭኖ እንደ ሄደ የሚጻፍበት ቦታ ብዙ ጊዜ የለም። ከእናንተ ብዙዎቹ ዛሬ ወይም ነገ የዚህ ቅጽ ፈራሚ ትሆናላችሁ። በጠርዙ ላይ አንድ ተጨማሪ መሥመር በማስመሪያ መሳል ይቻላል፤ ለዚህ የገንዘብ ሚኒስቴር ፈቃድ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።