የመራጭ ድምፅ አማና ነው

እ.ኤ.አ. በ2005 በሳዑዲ ዓረቢያ የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤቶች ምርጫ ሲካሄድ፣ በሪያድ ባለጸጋ ዕጩዎች ድንኳን ተክለው ለመራጩ ድግስ አበሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደማምና አልኮበርም ድምፅ ሰጡ። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በመረጡበትና በተወዳደሩበት በ2015 ምርጫ ደግሞ የዕጩዎችን ፎቶግራፍ ለቅስቀሳ ማዋል ለወንዱም ለሴቱም ተከለከለ።

ክልከላው መልካም ነው፤ የዕጩ መልክ የመንገድ ጉድጓድ አይደፍንም፣ የዝናብ ጎርፍም አያፋስስም። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ ያልማረከውን ድምፅ የድግስ ሥጋ ሊገዛው ይችላል። እስልምና ጉቦ ሰጪንም ተቀባይንም ያወግዛል። ድምፅ አማና ነው፤ አማና ደግሞ አይሸጥም።

ስለዚህ ምርጫ ዳግም ሲጠራ፣ እያንዳንዱ ዕጩ ከማን ምን ያህል ገንዘብ ተቀብሎ ለምን እንዳዋለው ከድምፅ መስጫው ቀን አስቀድሞ ለሕዝብ ይግለጽ። አለዚያ የድግሱ ወጪ ኋላ ከሕዝብ ካዝና መከፈሉ አይቀርም።