ከኳሱ ጎን መታወቂያ



ይህ እትም በኬንያዋ ሞያሌ ለሚማሩ የኮሌጅ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ ለሙያ ሰልጣኞችም ያበድራል። ማመልከቻው ግን መታወቂያ ይጠይቃል፤ የድንበር ልጅ ደግሞ ያንን ካርድ ለማግኘት የናይሮቢ እኩያው የማያውቀውን ተጨማሪ ማጣሪያ ሲያልፍ ኖሯል። ፕሬዚዳንት ሩቶ አሠራሩ እንዲቀር ያዘዙት እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ነው።

ዘግይቷል፤ ቢሆንም በሩ ተከፍቷል።

በውስጥ ገጾች የብድር ፎርም አሞላል፣ የምዝገባ ወራትና የክበባት ውሎ ቀርበዋል። ዝግጅት ክፍሉ ለኮሌጅ ዲኖችም አንድ ጥያቄ አለው፦ በየዓመቱ የእግር ኳስ ውድድር የሚያሰናዳ ግቢ፣ በዚያው ሜዳ ዳር የመታወቂያ መመዝገቢያ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ምን ያቅተዋል?