ሂጃቧን ከትምህርቷ፣ ሶላቱን ከእንጀራው አታጣሉ!

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



ሰላማዊ ትግላችን የተወለደው በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። በ2004 በአወሊያ የዐረብኛ መምህራን ሲባረሩ ቀድመው የተነሱት ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ ስናነሳ ከጥያቄዎቻችን ወጥተን ሌላ አጀንዳ መክፈታችን አይደለም። የአህባሽ አስተምህሮ በግዳጅ መጫኑ ይቁም፣ የመጅሊስ አመራሮች በመስጊዶች በሚካሄድ ነፃ ምርጫ ይመረጡ፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር ብለናል። ሦስቱም ጥያቄዎች መጨረሻቸው አንድ ቦታ ይገናኛል። ልጆቻችን ማን ሆነው ይማራሉ? ተምረውስ ማን ሆነው እንጀራቸውን ይበላሉ?

በየስብሰባው ሁለት ነገሮች ሲነገሩ እንሰማለን። አንዱ «የሙስሊሙ ወጣት የሚጮኸው ሥራ ስለሌለው ነው፤ ሥራ ፈትነቱን አክራሪዎች ተጠቀሙበት» የሚል ነው። ሌላው «ሙስሊሙ ድሮም ለትምህርት ግድ የለውም፣ ንግዱ ይበቃዋል» የሚል ነው። የመጀመሪያው የእምነት ጥያቄያችንን ወደ ሆድ ጥያቄ ያወርደዋል። ሁለተኛው በዳይን ትቶ ተበዳይን ይወቅሳል። ለሁለቱም መልስ አለን።

ከሁለተኛው እንጀምር። ለነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የወረደው የመጀመሪያ ትዕዛዝ ማንበብ ነው። ይህን ትዕዛዝ የተቀበሉ አባቶቻችን በወሎ ገጠሮች ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው ሸኽ እየተጓዙ፣ ስንቃቸውን የአገሩ ሰው እየቻላቸው፣ ነህው፣ ፊቅህና ተፍሲር ቀርተዋል። ሐረር የኪታብ አገር ሆና ኖራለች። አማርኛውም፣ ኦሮምኛውም፣ ሐረሪኛውም በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ መንዙማውና ምክሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። በሐረርጌ ሸኽ በክሪ ሳጳሎ ለኦሮምኛ ቋንቋ ራሱን የቻለ ፊደል ቀርጸው ህዝባቸውን አስተምረዋል። የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋቸው ምን ነበር? በድሬዳዋ የቁም እስር! በመጨረሻም ከአገራቸው ወጥተው በሶማሊያ በስደት አረፉ። ታዲያ ለትምህርት ግድ ያልነበረው ማን ነው? ፊደል የቀረጸው ወይስ ፊደል የቀረጸውን ያሰረው?

በንጉሡ ዘመን ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖር ሙስሊም» እየተባለ እንደ እንግዳ ተቆጠረ። የመሬትና የሹመት በር ጠበበበት። ወደ ንግድና ወደ ሽመና ያዘነበለው መጻፍ ስለጠላ ሳይሆን ሌላው በር ስለተዘጋበት ነው። አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከ100 ሺህ በላይ ሆነው የወጡት «ኢትዮጵያዊ ሙስሊሞች ነን፣ ከአገራችን ድርሻ አለን» ለማለት ነበር። በዚያ ቀን ክርስቲያን ወንድሞቻቸውና ተማሪዎችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው «ሙስሊሙ ትምህርት አይወድም» ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም።

ወደ መጀመሪያው ክስ እንመለስ። ጥያቄያችን የሥራ ፈቶች ጩኸት ቢሆን ኖሮ ህዝቡ የወከላቸው ኮሚቴዎቻችን እነማን በሆኑ ነበር? መምህራን፣ የህግ ባለሙያ፣ ደራሲ፣ ጋዜጠኛ፣ ኡስታዞችና ዱዓቶች ናቸው። የተማሩ፣ ሥራ ያላቸው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። በሐምሌ 2004 የታሰሩት እነሱ ነበሩ። መንግስት «ተማሩ፣ ሥሩ፣ በህግ ጠይቁ» ሲል ይመክረናል። ተምረው፣ ሠርተው፣ በህግ የጠየቁትን ግን በፀረ ሽብር አዋጅ ከሰሳቸው። ታዲያ ለወጣቱ ምን ትምህርት ተሰጠው?

ውድ ጀመዓ! ዛሬም አንዲት ሙስሊም ተማሪ በሂጃቧ ወይም በኒቃቧ ምክንያት ከትምህርት ቤት በር ላይ ትመለሳለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዶርሙ ውስጥ ሰገደ ተብሎ ይጠየቃል፤ ጀመዓ ሠርቶ መስገድ እንደ ወንጀል ይቆጠርበታል። «ለምን?» ስንል «ትምህርት ሴኩላር ነው» ይሉናል። እኛም እንስማማለን! ሕገ መንግስቱ በአንቀጽ 11 መንግስትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ መሆኑን ደንግጓል። ነገር ግን ይህ ድንጋጌ የሚያስረው መንግስትን ነው። መንግስት በክፍል ውስጥ አንድን እምነት አያስተምር፣ አንዱን ከሌላው አያስበልጥ ማለት ነው። የተማሪዋ ሻሽ ማንንም አያስተምርም፣ ማንንም አያስገድድም፣ የፈተና ወረቀትም አይሸፍንም። ይኸው ሕገ መንግስት በአንቀጽ 27 ሰው እምነቱን በግልም ሆነ በጋራ የመተግበር መብት እንዳለው፣ የእምነቱ ተከታዮችም የትምህርትና የአስተዳደር ተቋሞቻቸውን ማቋቋም እንደሚችሉ ያረጋግጣል። አንቀጽ 90ን እየጠቀሱ አንቀጽ 27ን መዝለል ህግ ማክበር አይባልም።

የሴኩላሪዝምን ነገር ካነሳን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለን። በ2003 ክረምት በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሊባኖስ በመጡ ሰዎች የአህባሽ ስልጠና ሲሰጥ ሴኩላሪዝም የት ሄዶ ነበር? በህዝብ ገንዘብ በተሠራ የትምህርት ተቋም ውስጥ የአንድ አንጃ አስተምህሮ ማሰልጠን ከተቻለ፣ አንዲት ተማሪ ፀጉሯን ሸፍና ሂሳብ መማሯ በምን ሂሳብ ነው አገር የሚያፈርሰው?

ከትምህርት ወደ ሥራ እንለፍ። በ1983 በአገራችን የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ ከ30 በላይ ሆነዋል። ይህን ልማት አንክድም፤ ልጆቻችንም ገብተው እየተማሩበት ነው። ተማሪው 70 በመቶ በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ በማህበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወስኖ ነበር። ነገር ግን ተመራቂው ዲግሪውን ይዞ ሲወጣ የሚጠብቀው ምንድን ነው? «ተደራጅና ኮብልስቶን አንጥፍ» ይባላል። ድንጋይ መጥረብ ሐላል ሥራ ነው፤ ላብ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ድሃ ወላጅ በሬውን ሸጦ ያስተማረው ልጅ ለዚያች ሥራ እንኳ የሚደርሰው በሰው በሰው መሆኑ ነው። ማህበር ለመደራጀት፣ ብድር ለማግኘት፣ የመሥሪያ ቦታ ለመውሰድ መንገዱ በቀበሌ በኩል ነው። አንድ ለአምስት ያልገባ፣ ስብሰባ ያልወጣ፣ የፓርቲ አባል ያልሆነ ወረፋው አይደርሰውም ነበር። መስከረም 27 ቀን 2005 የመጅሊስ ምርጫ ከመስጊድ ተነጥቆ የተካሄደው በዚሁ ቀበሌ ነው! መታወቂያ የሚሰጠው፣ ሥራ ፈላጊ የሚመዘግበው፣ ብድር የሚያጸድቀው ጽሕፈት ቤት የሃይማኖት መሪ አስመራጭም ሲሆን፣ ወጣቱ እምነቱና እንጀራው በአንድ እጅ ተይዘውበታል ማለት ነው። የመጅሊስ ምርጫ በመስጊድ ይሁን ያልነው ለዚህ ነው። እንጀራ የሚሰጥ እጅ እምነት መምረጥ የለበትም።

የዚህ ሁሉ ውጤት በ2006 በዓይናችን ታይቷል። ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተባረው ተመልሰዋል። ከነሱ ውስጥ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ የሄዱ እህትና ወንድሞቻችን ብዙ ናቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ተገፍቷል። በጅቡቲ በኩል በጀልባ ወደ የመን ሲሻገሩ ባህር የበላቸውን አላህ ይዘንላቸው። መንግስት በጥቅምት 2006 ለቤት ሠራተኝነት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ አግዶ ነበር። እገዳ መንገድ ይዘጋል እንጂ ረሀብ አይዘጋም። የአገር ቤቱ በር ካልተከፈተ ደላላው ሌላ ቀዳዳ አያጣም።

ልጅቷ ለምን ሄደች ብለን ከሥሩ እንጠይቅ። 10ኛ ክፍል ስትደርስ በሂጃቧ ምክንያት ከትምህርት ቤት በር የተመለሰች ልጅ ከቤት ትውላለች። ቤት የዋለችን የድሃ ልጅ ደላላ ያያታል። ደላላው ሂጃብሽን አውልቂ አይላትም፤ ፓስፖርት አውጪ ይላታል። የትምህርት ቤቱ በር በተዘጋ ቁጥር የደላላው በር ይከፈታል። መመሪያ ፈራሚዎች ይህን አስበውት ያውቃሉ? በሰው አገር ሬሳዋ ሲመለስ «ህገ ወጥ ስደት» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል፤ ከትምህርት ቤት ያስወጣት መመሪያ ግን በዚያ ሪፖርት ላይ አይጠቀስም።

ተመላሾች በቦሌ በኩል ሻንጣ እንኳ ሳይዙ ሲገቡ በነበሩበት በዚያው ወር፣ ህዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በጅግጅጋ በታላቅ ድግስ ተከበረ። ባህል መከበሩ ደስ ይለናል። የሶማሌው፣ የአፋሩ፣ የሐረሪው፣ የአርጎባው፣ የስልጤው፣ የወሎዬው አለባበስና ዜማ የአገር ጌጥ ነው። ነገር ግን የእነዚህ ህዝቦች ባህል ከእስልምናቸው ተነጥሎ የሚቆም ነገር አይደለም። መድረክ ላይ ሲጨፈር «ባህላችን» የተባለው የሴቷ መሸፋፈኛ በማግስቱ ትምህርት ቤት በር ላይ «አክራሪነት» ይባላል። አሻንጉሊት ላይ ለብሶ ለቱሪስት ሲሸጥ የሚወደድ ልብስ፣ ሰው ሲለብሰው የሚያስባርር ከሆነ የተከበረው ባህል ነው ወይስ ድግሱ? የብዙ ብሔሮች አገር ማለት ሁሉም በዓመት አንድ ቀን የሚጨፍርባት ሳትሆን፣ ሁሉም በየቀኑ እንደ ማንነቱ የሚማርባትና የሚሠራባት አገር ማለት ነው።

ለክርስቲያን ወገኖቻችንም የምንለው አለን። ሥራ ማጣት ሃይማኖት አይጠይቅም። የእናንተም ልጅ ዲግሪውን ይዞ በቀበሌ ደጅ ይመላለሳል። እኛ የጠየቅነው መብት ከእናንተ ድርሻ የሚቀነስ አይደለም። ለሁላችን የሚበጀው ማንም በእምነቱና በፓርቲው ሳይለይ በችሎታው የሚመዘንበት ሥርዓት ነው።

ውድ ጀመዓ! መብታችንን መጠየቃችን የራሳችንን ሥራ አያስቀርም። ስለዚህ በየመስጊዳችን የሚከተሉትን እንሥራ፤

አንደኛ፣ ለ8ኛና ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከዐሱር እስከ መግሪብ በመድረሳዎቻችን የማጠናከሪያ ትምህርት እንክፈት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በክረምት ሲመለሱ ያስተምሩ። የጎረቤት ክርስቲያን ልጅ ልማር ብሎ ቢመጣ በሩ አይዘጋበት።

ሁለተኛ፣ ዘካችን ለምስኪን እንደሚገባው ሁሉ የምስኪኑን ተማሪ ደብተር፣ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት እናስብ። ነጋዴ ወንድሞቻችን አንድ አንድ ተመራቂ ወስደው ሥራ ቢያስለምዱ አንድ መንደር ይቀየራል።

ሦስተኛ፣ ሴት ልጅ በር ላይ ስትመለስ ወላጅ ዝም ብሎ ቤት አያስቀምጣት። ቀኑን፣ የከለከለውን ኃላፊ ሥልጣንና የተሰጠውን ምክንያት ይመዝግብ፤ ክልከላው በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ። ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆኖ በተደጋጋሚ ይሂድ። የተጻፈ ማስረጃ በጩኸት ብቻ የማይከፈተውን በር ይከፍታል።

አራተኛ፣ ደላላ በቤታችን አይስተናገድ። ልጁን ለመላክ የተቸገረ አባት መጀመሪያ ለጀመዓው ያማክር።

አምስተኛ፣ ሁሉም ነገር በሰላም ይሁን። የትምህርት ቤት ወንበር አይሰበር፣ የማንም እምነት አይነካ። የኛ ኃይል ሰላማችን ነው፤ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ነገሩን ወደ ብጥብጥ ሊገፉት ይፈልጋሉ። አንሰጣቸውም!

ከመንግስት የምንጠይቀውም ግልጽ ነው። በሂጃብ፣ በኒቃብና በሶላት ምክንያት ተማሪ ማባረር ይቁም፤ የተባረሩትም ይመለሱ። የሥራ፣ የብድርና የመሥሪያ ቦታ አሰጣጥ ከፓርቲ አባልነት ይላቀቅ። ሕገ መንግስቱ በአንቀጽ 41 የጣለበትን ለሥራ አጦች የሥራ ዕድል የመፍጠር ግዴታ ሳያዳላ ይወጣ። አወሊያ ለህዝቡ ይመለስ፣ መጅሊሱ በመስጊድ ይመረጥ!

ልጆቻችን ዲናቸውን ይዘው ይማራሉ፣ ዲናቸውን ይዘው ይሠራሉ፣ ዲናቸውን ይዘው አገራቸውን ይገነባሉ። ከሁለት አንዱን ምረጡ ለሚሉን መልሳችን አንድ ነው፤ ሁለቱም የኛ ናቸው!

ትግላችን እስከ ድል ደጃፎች በሰላም ይቀጥላል!

ድምፃችን ይሰማ!

አላሁ አክበር!